ሥራ አጥና ሥራ ፈት

በቋንቋችን ሰው ሁሉ እንደ አንድ አድርጎ የሚናገራቸው፣ ትርጓሜያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ሁለት ቃላት አሉ። ሥራ ፈት ማለት የሚሠራው ነገር ሳለ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ነው፤ ሥራ አጥ ማለት ግን ሊሠራ ወድዶ፣ ተዘጋጅቶ፣ ፈልጎም ያላገኘ ነው። ፊተኛው ነቀፋ ይገባዋል፤ ኋለኛውን መንቀፍ ግን የተራበውን ሰው ስለ ምን አልበላህም ብሎ እንደ መቈጣት ነው።

ይህን ልዩነት የማቴዎስ ወንጌል በ20ኛው ምዕራፍ በምሳሌ ያሳየናል። የወይኑ ቦታ ጌታ ፀሓይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት በገበያ የቆሙትን ሰዎች በጠየቃቸው ጊዜ፣ የእርሱ ጥያቄ ሥራ ስለ መፍታት ነበር፤ የእነርሱ መልስ ግን ቀጣሪ ስለ ማጣት ነበር። እርሱም መልሳቸውን ተቀብሎ ወደ ሥራው ሰደዳቸው እንጂ አልተከራከራቸውም፤ ደመወዛቸውንም ከቀደሙት አላሳነሰባቸውም።

ይህን የመሰለ መቆም ዛሬም በአዲስ አበባ አለ። ቀድሞ በአራት ኪሎ ጋዜጣ በጥቂት ገንዘብ እየተከራየ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ የሚያነብ ወጣት ብዙ ነበር፤ አሁን ደግሞ ማስታወቂያው በቴሌግራም ይመጣለታል። መንገዱ ተለወጠ እንጂ ጭንቁ አልተለወጠም። ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ልጅ የሥራ ልምድ አምጣ ይባላል፤ ልምዱን የሚሰጠው ግን ያው የተከለከለው ሥራ ነው። ማመልከቻውን ያስገባል፤ መልስ አይመጣለትም። በዐሥረኛው ጊዜ ‹እኔ የማልረባ ሰው ነኝ› ማለት ይጀምራል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። ለአንድ ወንበር 300 ሰዎች ቢያመለክቱ፣ ሁሉም ብልሆችና ትጉሆች ቢሆኑ እንኳ የ299ኙ መመለስ አይቀርም። ይህም የወንበሩን ማነስ ያሳያል እንጂ የሰዎቹን መናኛነት አያሳይም። ቀጣሪው የሚመዝነው ለአንድ ሥራ የቀረበውን ወረቀት ነው፤ የሰውን ሁለንተና የሚመዝን ሚዛን ግን በእጁ የለም።

ነገር ግን ሥራ ማጣት ከደመወዙ በቀር ሌላም ነገር ይወስዳል። በኦስትሪያ አገር፣ በቪየና አቅራቢያ፣ ማሪየንታል በምትባል መንደር የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1929 እና በ1930 ተዘጋ። ማሪ ያሆዳና ጓደኞቿም የመንደሪቱን ኑሮ መርምረው በ1933 መጽሐፍ አወጡ። ሰዎቹ ጊዜ ተርፎአቸው ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ብዙዎቹ ወንዶች ሰዓት መያዝ ተዉ፤ አካሄዳቸውም ዘገየ። የቤት ውስጥ ሥራ ያልተለያቸው ሴቶች ግን ፈጠን ብለው ይራመዱ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ሥራ እንጀራ ብቻ ሳይሆን የቀን ሥርዐትም መሆኑን ነው።

ስለዚህ ሥራ የምትፈልግ ወንድሜ ሆይ፣ ደመወዙ በእጅህ ባይሆን ሥርዐቱ በእጅህ ነው። በሰዓትህ ተነሣ፤ ከቀኑ አንዱን ክፍል ለማመልከቻ፣ አንዱን ለንባብ፣ አንዱንም የጎረቤትን ልጅ እንደ ማስጠናት ላለ፣ ሰው ለሚጠቀምበት ሥራ ስጥ። ይህ እንጀራ አይሆንልህም፤ ነገር ግን እንጀራው እስኪመጣ ድረስ አንተን ራስህን ይጠብቅሃል።

እኛ የቀረነውም ዕዳ አለብን። ቀጣሪ የሆነ ሰው ላልተመረጠው ሁሉ በቍርጥ ‹አልሆነም› ብሎ ይመልስለት፤ መራራ መልስ ከዝምታ ይሻላል፣ የሚጠብቀውን ሰው በጊዜ ያሰናብተዋልና። አባትና እናትም በየማታው ‹ዛሬስ?› እያሉ ልጃቸውን በራት ገበታ ላይ አይመርምሩት። ሥራ አጡን ሥራ ፈት እያልን ብንጠራው፣ ተስፋ የቈረጠ ዕለት በእውነት ሥራ ፈት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን።