የቅዱሳን ሥጋና የሳንሱር ብሩሽ

ሳንሱር፣ ማለትም ባለሥልጣን የድርሰትን ወይም የሥዕልን ይዘት መርምሮ የሚከለክልበት ወይም የሚያሳርምበት አሠራር፣ አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ጉዳይ ተደርጎ ቢታይም፣ ከሥሩ ያለው ጥያቄ ሃይማኖታዊ ነው፤ ይኸውም ነውር የሚያድረው በሚታየው ነገር ነው ወይስ በተመልካቹ ልብ የሚለው ነው። ጥያቄው ገሃድ ከወጣባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ሚኬላንጄሎ በቫቲካን በሲስቲን ጸሎት ቤት ሥሎ እ.ኤ.አ. በ1541 በፈጸመው «የመጨረሻው ፍርድ» ላይ የተነሣው ክርክር ነው።

ሠዓሊው ከመቃብር የሚነሡትን ሙታን ብቻ ሳይሆን በክርስቶስ ዙሪያ የተሰበሰቡትን ቅዱሳን ጭምር በአብዛኛው ዕራቁታቸውን ሣላቸው። ብዙዎች ይህን እንደ ድፍረት ቆጠሩት፤ ነገር ግን በፍርድ ቀን ጳጳሱን ከድኻው የሚለይ ካባ እንደማይኖር፣ የሚነሣውም እግዚአብሔር የፈጠረው ሥጋ ራሱ እንደሆነ ለሚያምን ክርስቲያን፣ ለእምነቱ ከዚህ የቀረበ አሣሣል ማግኘት ይከብዳል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለፕሮቴስታንቶች ተሐድሶ መልስ የሰጠችበት የትሬንት ጉባኤ በ1563 መገባደጃ ላይ ቅዱሳት ሥዕላት ከነውር እንዲጸዱ ወሰነ፤ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያም የሥዕሉ ዕርቃን እንዲሸፈን ታዘዘ። ሚኬላንጄሎ ወዲያው በየካቲት ወር ስላረፈ፣ ሥራው በሞቱ ሰዓት አጠገቡ ከነበሩት ወዳጆቹ ለአንዱ፣ ለዳንኤሌ ዳ ቮልቴራ ተሰጠ። ጉባኤው የሠጋው በከንቱ አልነበረም፤ ሥዕል ማንበብ ለማይችል ምእመን ትምህርት ነበርና። ሆኖም ያ ግድግዳ በዋነኛነት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱና ካርዲናሎቹ የሚጸልዩበት እንጂ የተራው ሕዝብ መሰብሰቢያ አልነበረም።

ዳንኤሌ በአንዳንድ አካላት ላይ ጨርቅ ደርቦ ሲሥል፣ የቅድስት ካትሪናንና የቅዱስ ብላዚዮስን ምስሎች ግን ልስኑን ፈልፍሎ አውጥቶ በፍሬስኮ፣ ማለትም ቀለም በእርጥብ ልስን ላይ በሚቀባበት ዘዴ፣ እንደ አዲስ ሣላቸው። በ1994 በተጠናቀቀው እድሳት በኋለኞቹ ዘመናት ከተደረቡት ጨርቆች ብዙዎቹ ሲነሡ፣ እነዚህ ሁለቱ ሊመለሱ አልቻሉም። የቀድሞ መልካቸው በዋነኛነት የሚታወቀው ማርቼሎ ቬኑስቲ ለካርዲናል አሌሳንድሮ ፋርኔዜ በ1549 ከሠራው፣ ዛሬ በኔፕልስ ከሚገኘው ቅጂ ነው። ነውሩ በቅርጹ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያው ቅርጽ በካርዲናል እጅ ሳይነካ ባልቆየ ነበር። የተደረበው ጨርቅ የዘመኑን ሥጋት እየገለጸ ለተተኪው ትውልድ እንደገና የመመርመር ዕድል ሲተው፣ የተፈለፈለው ልስን ግን ያንን ዕድል ስለነጠቀ፣ ጉባኤው የሠጋለት ምክንያት እንኳ ይህን ድርጊት ትክክል ሊያደርገው አይችልም።