የሚቆጣህ ሰው ፈልግ፦ ጃፓን ለመሄድ ለተነሣው ለእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ለጃፓኑ የትምህርት ዕድል ማመልከትህን ከእናትህ ሰማሁ። ከቡራዩ ሰበታ ድረስ መጥተህ ባታማክረኝም አልተቀየምኩም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላልና መከራው ሳይቀድመኝ እኔ ልናገር።

መሄድህን አልነቅፍም። አገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጽፈዋል፤ የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችንም የጃፓኑን አርአያ የተከተለ ነበር። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶኑን ዳግም ስላሸነፈ፣ በዕድሜ የገፋ ጃፓናዊ ኢትዮጵያ ስትለው የእሱን ስም ይጠራልህ ይሆናል። አንተ ግን የሰው ወርቅ አያደምቅምና በዚያ አትመካ። የመንግሥታቱም ወዳጅነት ቢሆን እንዳማረበት አልዘለቀም፤ የኢትዮጵያዊው የልጅ አርአያ አበበና የጃፓናዊቷ የማሳኮ ኩሮዳ የታሰበው ጋብቻ ሳይሆን ቀረ፣ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓን ለጣሊያን ወረራ ዕውቅና ሰጠች።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዕድሉ ከቀናህ የትምህርት ክፍያውን፣ የአውሮፕላን ትኬቱንና የወር ድጎማውን መንግሥታቸው ይችልልሃል። ፈቃድ ካወጣህ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 28 ሰዓት ሠርተህ ኪስህን መደጎም ትችላለህ። ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስትመለስም እናትህ በስጋት በር ላይ ቆማ አትጠብቅህም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚቆጣህ ታጣለህ። አንተ ያደግኸው ጎረቤት ሁሉ እየገሠጸህ ነው። ሱሉልታ አጎትህ ዘንድ ስትከርም፣ ሽማግሌ ሰላም ሳትል ብታልፍ አመሻሹ ላይ ወሬው ቤት ቀድሞህ ይገባ ነበር። ጃፓን ውስጥ ቆሻሻህን በዓይነቱ ሳትለይ ወይም ቀኑ ሳይሆን ብታወጣ ከረጢትህ ወረቀት ተለጥፎበት ባለበት ይቀራል። ባቡር ውስጥ ጮክ ብለህ ስልክ ብታወራ አብዛኛው ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፍሃል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ዝምታው ለእነሱ ጨዋነት ነው። አንተ ግን ጥፋትህን ሳታውቀው ከሰው ትርቅና «ጠሉኝ» ብለህ ታዝናለህ። ስለዚህ ገና ሻንጣህን ሳትፈታ የሚቆጣህን ሰው ፈልግ። ቶኪዮ ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ ብዙ ዓመት የኖሩ ያገርህ ልጆች አሉ፤ ሄደህ «ሳጠፋ ንገሩኝ» በላቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል።

ቋንቋውን እዚህ ሳለህ ጀምር። ለዕለት ንባብ ተብሎ የተወሰነው የቻይና ፊደላቸው ብቻ 2,136 ነው፤ በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ትምህርቱን ይጨርስ ይሆናል፣ የቤት ኪራይ ውል ግን አያነብም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ደግሞ በሩ ተከፈተልኝ ብለህ ቤቱ ሁሉ የእኔ ነው አትበል። ሱሉልታ ዳገት ላይ ሩጫ የሚለማመዱት ልጆች ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው፦ የጃፓን ኩባንያዎች በየአዲስ ዓመቱ በሚወዳደሩበት ኤኪደን በሚሉት የጎዳና ዱላ ቅብብል፣ አንድ ቡድን የሚያሰልፈው የውጭ አገር ሯጭ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በተመደበለት ምዕራፍ ላይ ይሮጣል። አልፈርድባቸውም፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ! ዜግነት አወጣለሁ ካልህ ግን ሁለቱም አገሮች ጥምር ዜግነት እንደማይፈቅዱ እወቅ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብህ።

ጾመኛ ነህና ሾርባውን ጠይቀህ ጠጣ፤ አትክልት ብቻ የመሰለህ የደረቀ ዓሣ ተቀቅሎበት ይሆናል። በሰዓቱ እንኳ አትቸገርም፤ እናትህ ቡራዩ ላይ ከጧቱ 3 ሰዓት ስትል የቶኪዮው ሰዓት 3 ይላል፣ ብቻ እዚያ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። በዚያ ሰዓት ደውልላት።

አንድ ነገር ሳልናገር አልቀርም፣ ቅር አይበልህ። ጃፓኖች ሬሳን ያቃጥላሉ፤ ከዚያ አስከሬን ወደ አገር ማምጣት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ክፉ አያግኝህ፤ ቢሆንም ሳትሄድ ከቡራዩው እድር ጸሐፊ ጋር ተነጋገር፣ ወርኃዊ መዋጮህን እናትህ ትክፈልልህ፣ ስምህም ከመዝገቡ አይሰረዝ።