አስታዋሹ ስልክ ነው፤ ሰጋጆቹ ግን እኛ ነን



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓባዎቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! በፍኖተ ሰላምም፣ በቡሬም፣ በዙሪያው ባለው ገጠርም ያላችሁ፣ ለትምህርትም ለሥራም ከዚያ ወጥታችሁ በሌላ አገር ያላችሁም፣ የዛሬው የጁምዓ ማስታወሻችን በየኪሳችን ስላለ አንድ ነገር ነው። ስልካችን እኛ ሳንነካው በራሱ ስለሚሠራልን ሥራ እንነጋገራለን።

ሁላችንም እናውቀዋለን። ለሱብሒ ይቀሰቅሰናል። አዛን ያሰማናል። ጁምዓ ላይ ድምፁን በራሱ ያጠፋል። ሰኞና ሐሙስ ጾምን ያስታውሰናል። ቴሌግራም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛሬ የጻፍነውን መልእክት ነገ በቀጠርንለት ሰዓት ይልክልናል። ከዚህ አልፈውም «ይህ ከሆነ ያንን አድርግ» ብለን የምናዝዛቸው አገልግሎቶች አሉ፤ ኢፍት የሚባለው ስሙን ራሱን ያወጣው ከዚህ ሐሳብ ነው።

ታዲያ ሙስሊም ወጣት በዚህ ነገር እንዴት ይጠቀም? የት ላይስ ይቁም?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በሰበብ መጠቀም ከተወኩል ጋር አይጣላም። ግመሉን ልሰርና ልመካ ወይስ ልልቀቃትና ልመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡት መልስ መጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያ በአላህ እንዲመካ ነበር። ቀደምት ሙስሊሞችም ይህን ተረድተውታል። በደማስቆ የኡመያ መስጂድ ኢብኑ ሻጢር የሚባሉ የሰዓት ጠባቂ ነበሩ። የሶላት ወቅት እንዳይዛነፍ ፀሐይንና ከዋክብትን ያሰሉ ነበር፤ በ1371 እ.ኤ.አ. ለመስጂዱ ሚናራ ትልቅ የፀሐይ ሰዓት ሠርተዋል። ከሳቸው በፊት አል-ጀዘሪ በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ የውሃ ሰዓቶችን አሠራር የሚያስረዳ መጽሐፋቸውን በ1206 ጨርሰዋል። ስለዚህ ስልክህ ለሶላት ቢቀሰቅስህ ቢድዓ ነው ብለህ አትጨነቅ። መሣሪያ ነው። ጥያቄው መሣሪያው ምን ያህል ይታመናል፣ ምንስ አይሰጠውም የሚለው ነው።

አንደኛ፦ ሰዓቱን አረጋግጡ

ሶላት ጊዜው የተወሰነ ግዴታ መሆኑን አላህ በኒሳእ ምዕራፍ ነግሮናል። ጊዜውን ለመተግበሪያ ከሰጠን መተግበሪያው ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ የኛ ፋንታ ነው።

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ርቃ ትገኛለች። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለማቋረጥ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከአዲስ አበባ ስድስት ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው፤ እንደ ወቅቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ቡሬ ደግሞ ከፍኖተ ሰላምም ትንሽ ወደ ምዕራብ ነች። እንግዲህ አስቡት፤ በረመዷን ቀኑን ሙሉ ተርቦና ተጠምቶ የዋለ ወጣት፣ መተግበሪያው «አዲስ አበባ» ላይ እንደተሞላ ስለቀረ ወይም የአዲስ አበባን አዛን በቴሌቪዥን ስለሰማ፣ ፀሐይ በአካባቢው ሳትጠልቅ ቴምሩን ወደ አፉ ያደርሳል። ስልኩ አልዋሸውም፤ የሌላ ከተማ እውነት ነው የነገረው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የመተግበሪያውን ቅንብር ከፍታችሁ ቦታውን አስተካክሉ፣ ከአካባቢያችሁ መስጂድ ሰዓት ጋርም አመሳክሩ። ልዩነት ካለ የመስጂዱን ኢማም ጠይቁ።

ሌላም አለ። እኛ «ከንጋቱ 11 ሰዓት» የምንለው በስልኩ አቆጣጠር 5 ሰዓት ነው። እንቅልፍ እየጣለው 11 ብሎ የሞላ ሰው ስልኩ የሚጮህለት ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከወጣች ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። ደግሞም ብዙ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ከጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን ይዘጋሉ፤ አዛኑ ሳይሰማ ያልፋል። ስለዚህ የአዛን መተግበሪያችሁን ከባትሪ ቆጣቢው ውጭ አድርጉት፣ ከሱ ጎንም የስልኩን የራሱን የማንቂያ ደወል ሙሉ። እሱ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ሁለተኛ፦ ከኸይበር የተመለሱበት ሌሊት

በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከኸይበር ሲመለሱ ሌሊቱን ሲጓዙ ቆዩና እንቅልፍ ሲከብዳቸው አረፉ። ሱብሒ እንዳያልፋቸው እንዲጠብቅላቸው ያዘዙት የኛኑ አገር ሰው ቢላልን (ረ.ዐ) ነበር። ቢላል አላህ የወሰነለትን ያህል ሲሰግድ ቆየ። ንጋቱ ሲቃረብ ፊቱን ወደ ንጋት አቅጣጫ አዙሮ ከግመሉ ተደገፈ። እንቅልፍ አሸነፈው። ሁሉም የነቁት የፀሐይ ሙቀት ሲነካቸው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቦታው ትንሽ ራቅ አድርገዋቸው ውዱእ አደረጉ፣ ቢላልም ኢቃም አደረገ፣ ሶላቱንም አሰገዷቸው። ሶላት የረሳ ሰው ባስታወሰ ጊዜ እንዲሰግድም አስተማሩ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ቀስቃሽ መመደብ ሱንናው ውስጥ አለ። ሁለተኛ፣ ቀስቃሹ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን ሊያመልጠው ይችላል። የዓለም ምርጥ ሙአዚን እንቅልፍ ካሸነፈው የስልክ ባትሪ ቢያልቅ ምን ይገርማል?

ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። ቢላል ሌሊቱን ቆሞ ሲሰግድ ነበር፤ እንቅልፍ የጣለው የሚችለውን ካደረገ በኋላ ነው። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቲክቶክ ላይ ቆይቶ «አላርም ሞልቻለሁ» ብሎ የሚተኛ ሰው ግን ከቢላል ጋር ምን ያመሳስለዋል? ደወል መሙላት አንድ ሰበብ ነው፤ ቀድሞ መተኛት ደግሞ ሌላው ሰበብ ነው። ሁለተኛውን ትተን የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን «ስልኩ አልቀሰቀሰኝም» ማለት ለአላህ የሚቀርብ ምክንያት መሆኑን ነፍሳችንን እንጠይቃት።

ሦስተኛ፦ ገንዘብና ዘካ

ዕዳን መጻፍ በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ላይ፣ በበቀራ ምዕራፍ የታዘዝነው ነው። በርበሬ ወይም በቆሎ የሚነግድ ወጣት የተበደረበትን ቀንና የሚመልስበትን ቀን ስልኩ ላይ ጽፎ አስታዋሽ ቢያደርግ መልካም አደረገ። ትንሽም ብትሆን የማትቋረጥ ሥራ አላህ ዘንድ የተወደደች ናትና፣ በየወሩ ለወላጅ ወይም ለሰደቃ የምትሄድ ገንዘብን በባንክ ቋሚ ትዕዛዝ ማድረግም ያማረ ነው።

ዘካ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የገንዘብ ዘካ ሐውል የሚቆጠረው በሒጅራ ዓመት ነው፤ እሱም 354 ቀን ያህል ነው። ስልካችሁ ላይ «በየዓመቱ መስከረም 10 አስታውሰኝ» ብትሉ በየዓመቱ 11 ቀን ትዘገያላችሁ። ይህ ሲጠራቀም በ33 ዓመት ውስጥ የአንድ ሙሉ ዓመት ዘካ ሳይከፈል ይቀራል! የድሃ ሐቅ ነው። ስለዚህ አስታዋሹን በሒጅራ ቀን ሙሉት።

የገበሬ ልጆች ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ የእህል ዘካ ሐውል አይጠብቅም፤ ቀኑ የአጨዳ ቀን ነው። በዝናብ የበቀለ ከሆነ አንድ አሥረኛ፣ በድካምና በወጪ ውሃ ጠጥቶ የበቀለ ከሆነ የዚያ ግማሽ ነው። ኒሷቡንና የትኛው እህል እንደሚካተት ዓሊሞችን ጠይቁ። ያ ቀን መቼ እንደሚደርስ ስልክ አያውቅም፤ የሚያውቀው ማሳው ውስጥ የቆመው አባታችሁ ነው። እሳቸው ዘንድ ሄዳችሁ አግዙ፣ አስታውሱም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሂሳባችሁ ሲጎድል በራሳቸው ብድር ሞልተው ክፍያችሁን የሚፈጽሙ የሞባይል አገልግሎቶች አሉ። «እሺ» የሚለውን አንድ ጊዜ ትነካላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ሳትጠየቁ ይሠራል። ሪባ ሳታውቁት ሊገባባችሁ የሚችልበት በር ይህ ነው። ውሉን ሳታነቡ፣ ዓሊም ሳትጠይቁ አትክፈቱት።

አራተኛ፦ ሰው ያለበት ጉዳይ

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን። በየሳምንቱ «ጁምዓ ሙባረክ» የሚል ምስል ለመቶ ሰው በራሱ የሚልክ ቅንብር አለን። በትዊተር ላይ ደግሞ በባለቤቱ ስም ዱዓ የሚለጥፉ አገልግሎቶች ለዓመታት ታይተዋል፤ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ይለጥፋሉ። መልካም ቃል ማሰራጨት አይጠላም። ነገር ግን ሥራ የሚመዘነው በኒያ ነው። ዱዓ የልብ መጣራት ነው። ምላሱም ልቡም ያልተንቀሳቀሰ ሰው ስልኩ ስለለጠፈለት «ዱዓ አድርጌአለሁ» ማለት ይችላል ወይ?

ዝምድናስ? እናት በጃቢ ጠህናን ገጠር ውስጥ ነች እንበል። ልጇ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሆኖ በየወሩ ገንዘብ ይልክላታል፤ ቋሚ ትዕዛዝ ነው፣ አንድም ወር አላለፈም። እሷ ግን ድምፁን ከሰማች ሦስት ወር ሆኗታል። ገንዘቡ ደርሷል፤ ልጁ ግን አልደረሰም። ገንዘብን በቀጠሮ መላክ ይቻላል፤ «እማዬ እንዴት አደርሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ?» ማለትን ግን ቀጥረን አንልከውም። የታመመን መጎብኘት፣ ጀናዛ መሸኘት፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት ሁሉ በአካል የሚከፈሉ ሐቆች ናቸው።

ማሽን የማያውቀው ነገርም አለ። የዒድ የደስታ መልእክት ከሳምንት በፊት ጽፈህ ቀጠርክ። በመካከሉ ያ ቤት የሐዘን ቤት ሆነ። ቴሌግራም መልእክቱን ያስቀመጠው በራሱ ማዕከል ነውና ስልክህ ቢጠፋ እንኳ በሰዓቱ ይልከዋል። ልጇን ቀብራ የተቀመጠች እናት ስልክ ላይ ፊኛና ርችት ያለበት ምስል ይደርሳል። ክፉ አላሰብክም፤ ግን አልጠየቅክም። ለዘመድና ለጎረቤት የሚላክን ነገር በራስህ እጅ፣ በዚያው ቀን ላክ።

አምስተኛ፦ መረቡ ሲቋረጥ

ይህን ለኛ አካባቢ ልጆች ማስረዳት አያስፈልግም። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ተቋርጦ ቆየ። ኢንተርኔት የሚሹ ቅንብሮች ሁሉ በአንድ ቀን ዝም አሉ። አዛን ግን ዝም አላለም። ሙአዚኑ ወጥቶ ተጣራ፣ ሰውም በእግሩ መጣ።

መዲና ላይ ሰዎችን ለሶላት በምን እንጥራ ተብሎ ሲመከር ደወልም፣ ቀንደ መለከትም ሐሳብ ሆነው ቀርበው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በመጨረሻ የተመረጠው የሰው ድምፅ ነው፤ ድምፁም የቢላል ነበር። እንግዲህ መስጂድ በእግር የሚደረስ ከሆነ የስልኩ አዛን ረዳት እንጂ ተተኪ አይሁን። በገጠር ከመስጂድ የራቃችሁ ደግሞ ፀሐይንና ጥላን አይቶ ወቅት መለየትን ከአባቶቻችሁ ተማሩ። እነሱ ያለ ባትሪ ሰግደው ነው እኛን ያሳደጉን።

ለዚህ ሳምንት

ወንድሜ፣ እህቴ! ዛሬ ከጁምዓ በኋላ አራት ነገር አድርጉ። የአዛን መተግበሪያውን ቦታ አስተካክሉ። የዘካችሁን ቀን በሒጅራ ጻፉ። በራሱ የሚላከውን የጁምዓ መልእክት ለአንድ ሳምንት አጥፉና በምትኩ ሦስት ሰው ደውላችሁ ሰላም በሉ፤ ከሦስቱ አንዷ እናታችሁ ትሁን። ዛሬ ማታም ስልኩን ከትራስ አርቃችሁ በጊዜ ተኙ።

ስልኩ ነገም ይቀሰቅሰናል፣ ኢንሻአላህ። ከአልጋ መነሳቱ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውዱእ ማድረጉና በአላህ ፊት መቆሙ ግን የኛ ነው። በዕለተ ቂያማ የምንጠየቀው ስልኩ ስንት ጊዜ እንደጮኸ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደተነሳን ነው።

ያ አላህ! ጊዜያችንን ባርክልን። በሰበብ ተጠቅመው ባንተ ከሚመኩት አድርገን። ወላጆቻችንን በኸይር አቆይልን፣ የሞቱብንን ማርልን፣ ለአገራችንና ለአካባቢያችን ሰላም አውርድ። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ።