ሰው ያላየው ውበት

የሥነ ፍጥረትን ትምህርት በጉባኤ የሚያስተምሩ መምህራን፣ ከሰውና ከመላእክት በቀር ያለው ፍጥረት ሁሉ ስለ ምን እንደ ተፈጠረ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አጭርና የታወቀ ነው፤ እኩሌታው ለምግበ ሥጋ፣ እኩሌታው ለምግበ ነፍስ፣ ሁሉም በአንድነት ለአንክሮና ለተዘክሮ ተፈጥሯል ይላሉ። ስንዴውን በልተን እናመሰግናለን፤ ከዋክብቱን አይተን እናደንቃለን፤ አድንቀንም ፈጣሪያቸውን እናስባለን። ይህ ትምህርት ሰውን በዓለም ላይ ከባዕድነት አውጥቶ ባለ ጉዳይ ያደርገዋል። ነገር ግን ያንኑ ትምህርት ከምንቀዳበት ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ መጽሐፈ ኢዮብ ይህን ሰላማዊ መልስ የሚያውክ ነገር ይዞ ይመጣል፤ እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ኢዮብን ሲመረምረው፣ ወርዶ ስላላያቸው የባሕር ምንጮችና እግሩ ስላልረገጣቸው የጥልቁ ስውር ስፍራዎች ይጠይቀዋል፤ ማንም ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ ላይ ስለሚዘንመውም ዝናም ያነሣበታል።

እንግዲህ አድናቂ ያልደረሰበት ነገር ለአንክሮ ተፈጠረ ማለት እንዴት ይቻላል? በየጥልቁና በየዋሻው ተሰውሮ ዘመናትን ሲያበራ የኖረው ውበት የማን ድርሻ ነበረ? ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል፤ ይምሰል፤ እኔ ግን ሊቃውንት በብዙ ቅጠል ካደከሙኝ ጥያቄዎች ይልቅ ይህ ይከብደኛል።

ይህን ነገር በወንበር ተቀምጦ ከማውጠንጠን ይልቅ ቦታ ሰጥቶ መመርመር ለሚወድ ሰው፣ በኢጣልያ አገር በናፖሊ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ፣ ከሶሬንቶ ባሕረ ገብ መሬት ጫፍ ፊት ለፊት ከተቀመጠችው ከካፕሪ ደሴት የተሻለ ቦታ የሚገኝ አይመስለኝም። ደሴቲቱ የኖራ ድንጋይ ናት፤ የኖራ ድንጋይም ለውሃ የማይጨክን ድንጋይ ስለ ሆነ ባሕሩ ዙሪያዋን ቦርቡሮ ዋሻ በዋሻ አድርጓታል። ማሪና ግራንዴ ከሚባለው ወደብ ጀልባ ከነነጂው ለጥቂት ሰዓት ተከራይቶ፣ ደሴቲቱን በስተቀኝ ይዞ የሚዞር መንገደኛ፣ አስቀድሞ በምሥራቅ በኩል ነጩን ዋሻ ያያል፤ ቀጥሎ ፋራልዮኒ ወደሚባሉት፣ ከባሕሩ ተገትረው ከቆሙት ታላላቅ ዐለቶች ይደርሳል። የመካከለኛው ዐለት ሆዱ ተበስቶ በር ስለ ሆነ ጀልባው በውስጡ ያልፋል፤ በውጭኛው ዐለት ላይ ደግሞ በሌላ ስፍራ የማይገኝ ሰማያዊ መልክ ያለው የእንሽላሊት ዘር ይኖራል። ከዚያ ማሪና ፒኮላ የምትባለው ጠጠራም ዳርቻ፣ ከዚያም ውሃው ለምለም ሣር የመሰለበት አረንጓዴው ዋሻ፣ በደቡብ ምዕራቡም ጥግ ለመርከቦች የሚያበራው የፑንታ ካሬና የመብራት ግንብ ይከታተላሉ። የመጨረሻው፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለው፣ ሰው ሁሉ ስለ እርሱ የሚመጣበት ሰማያዊው ዋሻ ነው።

የግል ጀልባ የሚከራይ ሰው ምን ይገዛል? ባሕሩን አይገዛም፤ ዐለቱንም አይገዛም። የሚገዛው ከሌላው ሰው መገላገልን ነው፤ ትከሻው ከትከሻ ጋር ሳይጋፋ፣ ወደ ወደደው ዳርቻ ዞር ብሎ፣ በወደደው ስፍራ ሞተሩን አስጠፍቶ፣ ውበቱ ለእርሱ ብቻ የተከፈተ መስሎ እንዲታየው ዋጋ ይከፍላል። ይህን ምኞት ለመንቀፍ አልቸኩልም፤ ከሕዝብ ተለይቶ ከአንድ ታላቅ ነገር ጋር ብቻውን ሊገናኝ የማይወድ ሰው ጸሎትንም በደንብ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሆኖም ከሰማያዊው ዋሻ በር ሲደርስ ውሉ ይፈርሳል። የዋሻው አፍ ከባሕሩ ገጽ በላይ ያለው ከፍታ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ባለ ሞተሩ ጀልባ ሊገባበት አይችልም፤ ሀብታሙም፣ በትልቁ መርከብ ከብዙ ሰው ጋር ታጭቆ የመጣውም፣ ከየመጡበት ወርደው አራት ያህል ሰው ወደምትይዘው ታንኳ እየተዛወሩ ተራ ይጠብቃሉ። ተራው የደረሰ ሰው በታንኳይቱ ወለል ላይ በጀርባው ይተኛል፤ ጭንቅላቱን ከጎረቤቱ ጉልበት አጠገብ፣ አንዳንዴም ከማያውቀው ሰው ደረት ላይ ያሳርፋል፤ ልብሱ ወለሉ ላይ ባለው ጨዋማ ውሃ ይርሳል። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ወደ ውስጥ ስቦ፣ በዐለቱ ላይ የተቸነከረውን ሰንሰለት በሁለት እጁ ይዞ፣ ማዕበሉ የሚጎድልበትን ቅጽበት ይጠብቃል፤ ውሃው ዝቅ ባለ ጊዜ ሰንሰለቱን በኃይል ስቦ እርሱም ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ዐለቱ ከፊት በላይ በስንዝር ርቀት ያልፋል።

ከውስጥ ያለውን ነገር የተናገሩ ሁሉ አብዝተው ተናግረዋል፤ እኔ አሠራሩን ብቻ ልግለጥ። ዋሻው በርዝመቱ ስድሳ፣ በስፋቱ ሃያ አምስት ሜትር ያህል ነው። ከምንገባበት ጠባብ አፍ በታች፣ በውሃ ውስጥ ተሰውሮ፣ ከእርሱ እጅግ የሚሰፋ ሌላ በር አለ፤ የፀሐይ ብርሃን በብዛት የሚገባው በዚህ በታችኛው በር ነው። ብርሃኑ በውሃው ውስጥ ሲያልፍ ቀዩን መልክ ውሃው ይውጥበታል፤ ሰማያዊው ይተርፋል፤ የተረፈውም ከታች ወደ ላይ ስለሚወጣ ባሕሩ ራሱ ፋኖስ ሆኖ የዋሻውን ጣሪያ ያበራል። እጁን ወደ ውሃው የሰደደ ሰው ጣቶቹ የብር ቅብ እንደ ተቀቡ ሆነው ያያቸዋል፤ ከውሃው ባወጣቸው ጊዜ ግን ያው የራሱ ጣቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ፈላስፋ የሆነ ሰው ሊያቋርጠኝ መብት አለው። ጋሊሌዮ በ1623 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጣዕምና ሽታ መልክም በሚሰማው ሕያው ፍጡር ውስጥ እንጂ በነገሮቹ በራሳቸው ውስጥ እንዳልሆኑ ጽፏል። በዚህ ነገር ከሄድን ጥያቄዬ ሳይወለድ ይጨነግፋል፤ ዐይን ባልነበረበት ዘመን በዋሻው ውስጥ የሚመላለስ ብርሃን ነበረ እንጂ ሰማያዊ የሚባል ውበት አልነበረም፤ ስለዚህ የባከነ ነገር የለም ማለት ነው። አነጋገሩ ብልኅነት አለው፤ ነገር ግን የእኔን ልብ አያሳርፈውም። ምክንያቱም ዐይን ሲመጣ ሰማያዊ ሆኖ ለመታየት የተዘጋጀው ነገር ሁሉ፣ የበሩ አቀማመጥ፣ የውሃው ጥራት፣ ቀዩን ውጦ ሰማያዊውን የሚያሳልፈው ሥርዓት፣ ዐይኑ ሳይመጣም በዚያው ነበረ። የጎደለው አንድ ተመልካች ብቻ ነበረ፤ ተመልካች እስኪመጣ ድረስ ሥርዓቱ ለአንድ ቀን እንኳ ሥራውን አላስታጎለም።

ሌላው የተለመደ መልስ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ወገን የሚመጣ ነው፤ መላእክት በመጀመሪያው ቀን ተፈጥረዋልና ሰው ያላየውን እነርሱ አይተው አመስግነዋል የሚል ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም የመላእክትን መፈጠር በመጀመሪያው ቀን ያኖረዋል፤ ስለዚህ መልሱ ሐሰት ነው አልልም። ግን በጭንቅ ሰዓት መላእክትን ጠርቶ ከክርክር መውጣት ለክርክሩም ለመላእክቱም ክብር አይመስለኝም፤ መንፈሳውያን ለሆኑት ለእነርሱ ከባሕር በታች በሚያልፍ ብርሃን መደነቅ ምን እንደ ሆነ የሚነግረን የለም።

ወደ ዋሻው ታሪክ ብንመለስ መንገድ እናገኝ ይሆናል። ጢባርዮስ ቄሣር ሮማን ትቶ ከጌታ ልደት በኋላ በ27 ዓ.ም. በካፕሪ ተቀመጠ፤ በ37 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስም ዓለምን የገዛው ከዚያች ዐለት ላይ ሆኖ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ የመጥምቁን ስብከት በእርሱ ዘመነ መንግሥት ይቆጥረዋል፤ ጌታም በኢየሩሳሌም ሲሰቀል የቄሣሩ መኖሪያ በዚህች ደሴት ነበረ። ከሰማያዊው ዋሻ በላይ በገደሉ አናት የሮማውያን ቤት ፍርስራሽ አለ፤ ከዋሻውም ወለል በ1964 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጠላቂዎች የባሕር አማልክት የተባሉትን የኔፕቱንንና የትሪቶንን የእብነ በረድ ምስሎች አውጥተዋል። ባለቤት የሆነ ሰው ጠባዩ ይህ ነው፤ ያገኘውን ውበት እንዳገኘው ሊተወው አይችልም፤ የራሱን ምስል ወይም የአማልክቱን ምስል ካላቆመበት የእርሱ አይመስለውም።

ከሮማውያን በኋላ የደሴቲቱ ሰዎች ዋሻውን የአጋንንት ማደሪያ ነው ብለው ለብዙ ዘመን ፈሩት። ጀርመናዊው ሠዓሊና ባለቅኔ አውጉስት ኮፒሽ ከጓደኛው ከኤርነስት ፍሪስ ጋር በ1826 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) በአንድ የአገሩ ዓሣ አጥማጅ መሪነት ዋኝቶ ገባበትና ዝናውን በአውሮፓ አወጣ፤ ፈረንጆችም ያን ዓመት የዋሻው መገኘት ብለው ይጠሩታል፤ መሪው ግን ቦታውን ያውቀው እንደ ነበረ ልብ አይሉም። በእኔ አስተያየት የእነዚያ ፈሪዎች ሰዎች ፍርሃት እንደሚነገርባቸው የሚያስነውር አይደለም። በዚያ ከሰው የሚበልጥ ነገር አለ ብለው ማመናቸው፣ ስሙን ቢስቱትም፣ ለአንክሮ የቀረበ ነገር ነው፤ ቢያንስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስልኩን ከፍ አድርጎ የራሱን ፊት ከሰማያዊው ብርሃን ፊት አቁሞ ከሚወጣው መንገደኛ ይልቅ የቀረበ ነው።

ታዲያ በእነዚያ ማንም ባልገባባቸው ዘመናት ብርሃኑ ለማን ነበረ? እኔ ወደዚህ አዘነብላለሁ፤ ለማንም ሳይሆን መኖሩ ራሱ ዛሬ የሚገባው ሰው እንዲያደንቀው የተሰጠው ነገር ነው። በዋሻው ውስጥ የሚያስደንቀኝ ሰማያዊው መልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከጥሩ ሐር ልብስ ብዙ ባልለየሁት፤ የሚያስደንቀኝ ግን ያ መልክ እኔን ሳይጠብቅ፣ ቄሣሩንም ሳይጠብቅ፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር መሆኑን ማወቄ ነው። በምድረ በዳ የሚወርደው ዝናም በኢዮብ ፊት የቀረበው ስለዚህ ይመስለኛል፤ ተቀባዩን ቆጥሮ የማይሰጥ ሰጪ እንዳለ ለማሳየት ነው። ዳዊትም ስለ ባሕር ሲዘምር መርከቦቹን ካነሣ በኋላ በጥልቁ ይጫወት ዘንድ የተፈጠረውን ሌዋታንን ያነሣል፤ ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክም ያንኑ ፍጥረት በባሕር ጥልቅ፣ በምንጮች ላይ ያሳድረዋል። ለማንም ጥቅም የማይውል፣ ማንም የማያየው ጨዋታ! እንዲህ ከሆነ መምህራኑ ለአንክሮ ማለታቸው አልተሻረም፤ አንክሮው ግን ዘግይቶ የሚመጣ፣ ስላላየነውም ዘመን ጭምር የሚቀርብ ነው፤ ተዘክሮ ከአንክሮ ጋር ተጣምሮ መነገሩም በዚህ መንገድ ይገባኛል።

ብቻውን ሊያይ ስለሚወደው ሰው የጀመርሁትን ነገር ልጨርስ። ብቸኝነት አንድ ዓይነት አይደለም። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ፣ ጢባርዮስ ከከተማ የራቀበትን ምክንያት ሲቆጥር፣ በሥራው የገለጠውን ጭካኔና ርኩሰት በቦታው ሊሰውር ፈልጎ ይሆናል የሚለውን አንዱ ያደርገዋል፤ ይህ እንዳይታይ የሚደረግ ብቸኝነት ነው። በእኛ አገር በየገደሉ ዋሻ የሚገቡት ባሕታውያን ብቸኝነት በመልኩ አንድ ይመስላል፤ ዐለቱም ጨለማውም አንድ ነው፤ ነገር ግን እነርሱ ከሰው ዐይን የሚሰወሩት ከሰው ዐይን ለማይሰወር ለአንዱ ተመልካች ሊገለጡ ነው። ጀልባ ተከራይቶ የሚዞረው የዘመናችን ሰው ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ብቻውን መሆኑን ብዙ ሰው እንዲያይለት ይፈልጋል። ይህ ኀጢአት ነው ብዬ አልፈርድም፤ ነገር ግን አድካሚ ሥራ ነው፤ ለመደነቅም ጊዜ አይተውም።

በዚህ ሁሉ ልቤ የሚያደላው ለቀዛፊው ነው። ባሕሩ ሲናወጥ ዋሻው ይዘጋል፤ በዚያን ቀን ውል ያለውም ገንዘብ ያለውም ከበሩ ይመለሳል፤ ቀዛፊውም ቤቱ ይቀመጣል። ባሕሩ ጸጥ ባለበት ቀን ደግሞ ከጧት ጀምሮ ይገባል፣ ይወጣል፣ እንደ ገና ይገባል፤ ከውስጥም ያንኑ የናፖሊ ዘፈን እያነሣ ዋሻውን ያስተጋባዋል፤ ሲወጣም ጉርሻ ይጠብቃል። ይህን ሰው ውበቱን የለመደ፣ ከልማድ የተነሣም ዐይኑ የፈዘዘ አድርገው የሚንቁት አሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ እርሱ ሰማያዊውን የማያይበት በቂ ምክንያት አለው፤ ሰንሰለቱን ይዞ የሚመለከተው ከኋላው የሚመጣውን ማዕበል ነው፤ ሁለተኛውን ማዕበል አሳልፎ፣ ሦስተኛውን ለክቶ፣ ቀና ያለ ራስ እንዳለ አይቶ፣ «ተኙ! ተኙ!» ብሎ ይጮኻል፤ ከዚያም ይስባል።