የዘጠነኛ ክፍል ፍርሃት

ጉባ ሲባል አብዛኛውን ሰው ትዝ የሚለው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ነው፤ ሚኒስትሪ አልፎ ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት መስከረምን የሚጠብቀውን የጉባ ልጅ ማንም አያስበውም። ይህ ልጅ ፍርሃት ፍርሃት ቢለው ታላላቆቹ ወይ «አይዞህ፣ ምንም የለውም» ይሉታል፣ ወይ «ፈጣሪውን የሚያምን አይፈራም» ብለው ይመክሩታል። ሁለቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው። ነገር ግን አንደኛው ፍርሃቱን አለማወቅ፣ ሌላኛው ደግሞ አለማመን ያደርገዋል። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

ልጁ የሚፈራው የሚጠብቀውን ስለሚያውቅ ነው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳው ከተማ ወደ ማንኩሽ የሚመጣ ተማሪ፣ እንደ ብዙው የአገራችን የገጠር ተማሪ፣ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ይከራያል፤ ዱቄቱን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ይመጣል፣ ከክፍል ሲወጣ ገንፎውን ራሱ ያገነፋል። ቤት ጉሙዝኛ፣ ገበያ አማርኛ እየተናገረ አድጎ፣ ሁለተኛ ደረጃን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። በ2013 ዓ.ም. ጉባ ባለበት በመተከል ዞን በነበረው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ሲፈናቀልም ልጅ ነበር፤ ከቤት ርቆ ማደር ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳውም። ይህን ሁሉ እያወቀ ደረቱን የሚነፋ ቢኖር ነገሩን ልብ አላለውም እንጂ ደፋር አይባልም። አርስቶትልም ቢሆን ደፋር ያለው የሚገባውን ነገር በሚገባው ልክ የሚፈራውን ነው።

የእምነቱ ክርክር ይከብዳል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በፈጣሪ መመካትን ያስተምራልና። ግን ሁለቱም የሚያከብሩትን ሙሴን እንይ። ወደ ፈርዖን ሂድ ሲባል በኦሪት ዘጸአት አንደበቴ ከባድ ነው አለ፤ በቁርኣንም የምላሱ ቋጠሮ እንዲፈታለት፣ ወንድሙ ሃሩንም አጋዥ እንዲሆነው ለመነ። ከፈራቸው ነገሮች መካከል ቋንቋና ብቸኝነት ነበሩ፤ የማንኩሹም ተማሪ የሚፈራው እነዚህኑ ነው። በዘጸአት እግዚአብሔር መቆጣቱ እውነት ነው። የተቆጣው ግን ሌላ ሰው ላክ ብሎ እምቢ ሲል ነው፤ ያኔም ቢሆን ወንድሙን አሮንን ሰጠው። ፍርሃቱን የተናገረ ሰው ረዳት ካገኘ፣ ልጁን «እምነት ጎደለህ» የሚል ሽማግሌ ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

«የፈሩት ይደርሳል፤ ባይነሳ ይሻላል» የሚልም አለ። ያልተነገረ ፍርሃት ግን ማንም አይረዳውም፤ ልጁ አንድ ቀን ከረጢቱን ይዞ ወደ ቀበሌው ይመለስና ሰነፍ ይባላል። ሲነገር ግን ይከፋፈላል። ከማን ጋር እንደሚከራይ ወላጅ ከክረምቱ ጀምሮ ሊነጋገርበት ይችላል። የሒሳቡን የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በጥቂት ምሽት ያስጠናዋል። «እኛስ ማን አይዞህ አለን?» የሚሉ አባቶች ያለ ረዳት መማራቸው ልክ ነው፤ አብረዋቸው ጀምረው ያቋረጡትን ግን አይቆጥሯቸውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይለቅ ፍርሃት አለ። በቁርኣን ሙሴ ወንድሙ አጠገቡ ቆሞ እንኳ የፈርዖን ድግምተኞች ገመዳቸውን ሲጥሉ በልቡ ፈርቷል። ቢፈራም በትሩን ጣለ። ልጁም የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስሙ ሲጠራ ድምፁ ቢንቀጠቀጥ፣ አቤት እስካለ ድረስ ምንም አልጎደለውም።