ስለ ታመመው ሐኪም

የሰው ልብ ከሥራ ብዛትና ከከተማ ሁካታ የተነሣ በደከመ ጊዜ፥ ወደ ውሃ ዳርና ወደ ተራራ ወጥቶ ዕረፍት መፈለጉ አዲስ ልማድ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ እየወረዱ መታጠብን ስለ ወደዱ በዚያ ቤት ተሠራላቸው፤ በ1879 ዓመተ ምሕረትም አዲስ አበባ ከዚሁ ተቈረቈረች። እንግዲህ ታላቂቱ ከተማ የተወለደችው ከጤና ፍለጋ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይህ ጸጋ ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ ባለው በስምጥ ሸለቆ አገር ይልቁን በዝቶ ይገኛል። ምድሪቱ በጥንት ዘመን ተሰንጥቃ የወረደች ስለ ሆነ፥ በሆዷ ያለው ትኵሳት ውሃውን እያሞቀ ያወጣዋል። በሶደሬ ፍል ውሃው ከአዋሽ ወንዝ አጠገብ ይፈልቃል፤ በቢሾፍቱ እሳተ ገሞራ የቈፈራቸው ጕድጓዶች ሐይቅ ሆነዋል፤ በዝቋላም ተራራ ራስ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ጎን ለጎን ይኖራሉ። ወገቡን የሚያመው ወደ ሶደሬ ይወርዳል፤ ሐሳብ የበዛበት በላንጋኖ ዳር ይቀመጣል፤ ተሳላሚው በጥቅምትና በመጋቢት 5 ቀን ዝቋላን በእግሩ ይወጣል፤ በላብ ረጥቦ ከላይ ሲደርስም ከታች ትቶት የመጣው ጭንቀት አንሶ ይታየዋል።

የዘመኑ ሊቃውንትም ይህን ነገር መርምረውታል። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1976 ዓመተ ምሕረት ባወጣው ጽሑፍ፥ የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን የ46 በሽተኞች መዝገብ አነጻጸረ። እኩሌቶቹ በመስኮታቸው ዛፍ፥ እኩሌቶቹ የጡብ ግንብ ያዩ ነበር። ዛፍ ያዩት ከሆስፒታሉ ፈጥነው ወጡ፤ ብርቱውንም የሕመም ማስታገሻ በጥቂቱ ወሰዱ። ቁስሉን የሰፋው ሐኪሙ እንጂ ዛፉ አይደለም፤ ዛፉ ግን በሽተኛውን አበረታው። ስለዚህ ተራራና ሐይቅ የሐኪምን ቤት አያስቀሩም፤ የጐደለውን ይሞላሉ እንጂ።

እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በሽተኛው ከዳነ ዘንድ ለሐኪሙ ምን ዕዳ አለበት? ለሰው ሐኪም ዋጋ ይከፈላል፥ ምስጋናም ይጨመራል። ለውሃውስ? ብዙ ሰው የመግቢያውን ዋጋ በበሩ ላይ በመክፈሉ ዕዳው የተፈጸመ ይመስለዋል። ገንዘቡ ግን ለባለ ቤቱ ነው፤ ውሃው ከዚያ አንዲት ጠብታ እንኳ አላገኘም።

ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ጨዋታ እንዳይመስል የአብጃታን ሐይቅ መመልከት ይበቃል። አብጃታ መውጫ የለውም፤ የሚኖረው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፥ ከላንጋኖም በሆራ ከሎ በሚወርድለት ውሃ ነው። ከዝዋይና ከገባሮቹ ለመስኖ የሚሳበው በበዛ መጠን የቡልቡላ ውሃ አነሰ፤ ለሶዳ አሽ ምርትም ከራሱ ከሐይቁ ተቀዳ። ስለዚህ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው ጠፋ። በጎረቤቱ በሻላ ደሴት ጫጩት የሚፈለፍሉት ፔሊካን የሚባሉ ታላላቅ ወፎችም ቀለባቸውን ከሩቅ ውሃ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ለደከመ ልብ ዕረፍት ይሰጥ የነበረው ሐይቅ እነሆ ራሱ ታመመ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ፈጥኖ በገበሬው ይፈርዳል። ፍርዱ ግን የቀና አይደለም። ገበሬው ውሃ የሚስበው ልጆቹን ለማብላት ነው፤ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙንም የሚገዛው ያው ለዕረፍት የሚወርደው ከተሜ ነው። በሰንበት ከሐይቅ ዳር ሰላምን የሚሻ ሰው፥ በማግሥቱ በገበታው ላይ የሐይቁን ውሃ ይበላል። ከሳሹና ተከሳሹ በአንድ ማዕድ ተቀምጠዋልና ዕዳው የጋራ ነው። የገበሬው እንጀራ ይቅር ማለት ግፍ ነው፤ ሐይቁ ይሙት ማለትም የልጅ ልጁን እንጀራ መንጠቅ ነው። የሚቀረው መንገድ ልክን ማወቅ ብቻ ነው።

በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ከመስቀል በኋላ በሚከበረው በኢሬቻ፥ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ክረምቱን ላሻገረው አምላክ ምስጋና ለማቅረብ ወደ ውሃው ይወርዳል። በዚህ ሥርዓት ትልቅ ትምህርት አለ፤ ሰው ወደ ውሃ ለመውሰድ ብቻ አይሄድም። ነገር ግን ምስጋና በሥራ ካልተገለጠ በአፍ ይቀራል።

በኢትዮጵያ ልማድ የታመመን የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ በበሽተኛው ራስጌ አይጮኽም፤ ለበሽተኛው የቀረበውንም ምግብ አይበላበትም። ወደ ሐይቅና ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ይህን ወግ ቢጠብቅ፥ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ፥ ያመጣውን ቆሻሻ ይዞ ቢመለስ፥ ከውሃውም በልክ ብቻ ቢወስድና ሌላውም በልክ እንዲወስድ ቢሟገት፥ ዕረፍቱ እውነተኛ ዕረፍት ይሆንለታል። ሐኪሙን ገድሎ የሚድን በሽተኛ ግን፥ ሁለተኛ በታመመ ጊዜ ወዴት ይሄዳል?