መርዶው ስላልደረሰ ሙት

አንድ ወታደር በጦር ሜዳ ወድቆ በቀረ ጊዜ በሕይወት የተረፉት ለእርሱ የሚከፍሉት ዕዳ ክብር ነውን፣ ጸሎት ነውን፣ ወይስ እውነት? ይህን ጥያቄ ከጦርነት ርቆ የሚኖር ሰው አንሥቶ፣ ጥቂት አመላልሶ፣ መልሱን ሳያገኝ ቢተወው የሚጐድልበት ነገር የለም። ነገር ግን ከሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ በስተደቡብ፣ ክረምት በገባ ቁጥር እግርንም ጎማንም በሚይዘው ጥቁር መረሬ ምድር ላይ በተተከለው በቱነይድባ የስደተኞች ሰፈር፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ በተነሣው ጦርነት ከሑመራና ከዙሪያዋ ሸሽተው ተከዜን የተሻገሩ እናቶችና አባቶች በሚኖሩበት ስፍራ፣ ይኸው ጥያቄ ከእንቅልፍ በፊትና ከእንቅልፍ በኋላ የሚጠብቃቸው ሆኗል።

ጥያቄው እዚያ የሚነሣው በዚህ መልክ ነው። ለቅዳሴ የሚዘጋጅ ካህን ከምእመናን ስም ይቀበላል፤ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ የሕያዋን ስም በአንድ ወገን፣ የሙታን ስም በሌላ ወገን ይጻፋል፤ ለሕያዋን ጤናና ዕድሜ፣ ለሙታን ዕረፍተ ነፍስ ይለመናል። ልጅዋ ከተለያት ጀምሮ ድምፁን ያልሰማች፣ ዘመተ ሲባል እንጂ ሞተ ሲባል ያልሰማች እናት ከዚያ ወረቀት ፊት ስትቆም፣ ወልደ ሚካኤል ወይም ገብረ ሥላሴ የሚለውን የክርስትና ስሙን በየትኛው ወገን ታስጽፈው? ከሙታን ጋር ብታስጽፈው በገዛ አፏ የቀበረችው ይመስላታል፤ ከሕያዋን ጋር ብታስጽፈው ደግሞ፣ ምናልባት አርባውም ሰማንያውም ሙት ዓመቱም ያለ ፍትሐት አልፎ እንደ ሆነ፣ ነፍሱን የበደለች ይመስላታል። ስለ ሙታን ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ከዚህ የሚከብድ አላውቅም። ጌታችን ለሰዱቃውያን ሲመልስ፣ የአብርሃም የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ የሕያዋን እንጂ የሙታን አምላክ እንዳልሆነ አስተምሯልና፣ በእርሱ ዘንድ በየትኛውም ወገን የተጻፈ ስም አይጠፋም ብሎ መምህር ቢያጽናናት ቃሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ መጽናናት ሌላ ነው፤ ማወቅ ሌላ ነው።

በሌላው ዓለም የወደቁትን ከማሰቢያ ሥርዓቶች ሁሉ ዝናው የሰፋው ፖፒ የሚባለውን ቀይ አበባ በደረት ላይ ማድረግ ነው። የዚህ አበባ ዘር በምድር ውስጥ ብዙ ዘመን ተኝቶ ቆይቶ አፈሩ በተገለበጠ ጊዜ የሚበቅል ስለሆነ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በቤልጅግና በሰሜን ፈረንሳይ መድፍ ያረሰው ምድር፣ መቃብሩም ሳይቀር፣ በዚያ አበባ ተሸፈነ። ጆን ማክሬ የተባለው ካናዳዊ የጦር ሐኪም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1915 ይህን አይቶ ቅኔ ገጠመበት፤ ሞይና ማይክል የተባለች አሜሪካዊት መምህርት በ1918 የመታሰቢያ ምልክት አደረገችው፤ በ1921 የብሪታንያ የወታደሮች ማኅበር ለቁስለኞችና ለሙት ልጆች መርጃ ይሸጠው ጀመር። ጦርነቱ ያቆመበት ቀን በእኛ ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነበርና፣ ፈረንጆቹ በዚያ ዕለት ሁለት ደቂቃ ጸጥ ብለው ይቆማሉ። እኛ ደግሞ በዐሥረኛው ቀን፣ ኅዳር 12፣ በዚያው ጦርነት ፍጻሜ ዓለምን ያዳረሰውን የኅዳር በሽታ እያሰብን ቆሻሻ ስናቃጥል ኖረናል። ሁለቱ መታሰቢያዎች ከአንድ ዘመን መከራ የተወለዱ መሆናቸውን የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው።

ቀዩን አበባ ለመንቀፍ አልነሣም፤ የሙት ልጅ ያጎረሰ ሥርዓት አይነቀፍም። ነገር ግን ከ1933 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚያው በብሪታንያ የኅብረት ሥራ ሴቶች ማኅበር፣ ከአባሎቹ ብዙዎቹ ባልና ልጅ በጦርነቱ ያጡ ሆነው ሳለ፣ ነጭ ፖፒ ማድረግ የጀመረበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል። ሴቶቹ የፈለጉት መታሰቢያው የወገንንም የጠላትንም ሙት እንዲያቅፍና ለሚመጣው ጦርነት መቀስቀሻ እንዳይሆን ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ከአበባው ቀለም ይጠልቃል፦ የወደቀውን ማክበር የወደቀበትን ነገር ማጽደቅ ነውን?

አበው በዚህ ነገር ላይ ብዙ ተጠበዋል። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በቀኖናው፣ በጦርነት የገደለ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ ባይቆጠርም እጁ ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢርቅ መልካም ነው ሲል መክሯል። በዐሥረኛው መቶ ዓመት የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ኒቂፎሮስ ፎቃስ በጦርነት የሞቱት ወታደሮቹ ሁሉ ሰማዕታት ተብለው እንዲከበሩ በጠየቀ ጊዜ፣ ፓትርያርኩ ጶሊዩክቶስ ይህን የባስልዮስን ቀኖና አቅርቦ አልተቀበለውም። የቤተ ክርስቲያን ሰማዕት ሰይፍ ሳያነሣ ስለ ክርስቶስ ስም የሞተ ነው፤ ወታደሩ ግን ገድሎም ተገድሎም የሚገኝ ስለሆነ የሚያስፈልገው ምሕረት ነው። ከእኛ መጻሕፍተ መቃብያን በሚለየው በግሪኩ ሁለተኛ መቃብያንም ይሁዳ መቃቢ በጦር ሜዳ የወደቁት ሰዎቹ ከልብሳቸው ሥር የጣዖት ምልክት ደብቀው ባገኘ ጊዜ፣ ሬሳቸውን አልጣለም፣ ጀግኖች ብሎም ነውራቸውን አልሸፈነም፤ ገንዘብ ሰብስቦ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ እንጂ። በእኔ አስተያየት ስለ ወደቀ ወታደር ከተጻፈው ሁሉ ወደ ቀናው መንገድ የሚቀርበው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሙቱን ወገኔ ነው ብሎ ሲያነሣው፣ ሰው እንደ ነበረና እንደ ሳተ አይክድም።

ከገዳሪፍ የሚነሣው መንገድ ጠረፉን የሚያገኝበት ገላባትና መተማ ለዚህ ነገር ብርቱ ምስክር ነው። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች አዛዥ አቡ አንጃ ሣር ውኃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሥቶ ጎንደርን ካቃጠለ በኋላ፣ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መባቻ በመተማ ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው፣ ድሉ ወደ እሳቸው ሲያዘነብል በጥይት ቈስለው ዐረፉ። ሠራዊቱ በተበተነ ጊዜ አስከሬናቸውን ይዘው ወደ ምሥራቅ የሸሹትን የደርቡሹ አዛዥ የዘኪ ተማል ጦር በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሰባቸው፤ አጎታቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ከሬሳው ሳይለዩ እየተዋጉ ሞቱ፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቆርጦ ወደ ኡምዱርማን ተወሰደ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ፍልስጥኤማውያን የሳኦልን ራስ ቆርጠው ሬሳውን በቤትሳን ቅጥር ላይ በሰቀሉ ጊዜ፣ የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሁሉ ገስግሰው እንዳወረዱትና አጥንቱን እንደ ቀበሩ እናነባለን። የእኛው ንጉሥ ግን እስከ ዛሬ እንደ ኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች የሚሆንለት አላገኘም። በመተማው ውጊያ በሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ክርስቲያኑ ስለ ሃይማኖቴ ሞትሁ ሲል፣ ደርቡሹም ሸሂድ ነኝ ብሎ ሞተ፤ የሁለቱም አጥንት በአንድ ሜዳ ላይ ተቀላቅሎ ቀረ፤ ዝናብ ሲጥል የትኛው የማን እንደ ሆነ ለይቶ የሚናገር የለም።

በዚያው በገላባት ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ስሊም የሚመራው ዐሥረኛው የህንድ ብርጌድ ኢጣልያኖችን ወግቶ ምሽጉን ከያዘ በኋላ ከአየር በወረደበት ቦምብ ተመልሶ ለቀቀ። ከምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት መቃብራቸው ያልታወቀ ብዙ የብሪታንያና የህንድ ወታደሮች በካርቱም በሐውልት ላይ ስማቸው ተቀርጾላቸዋል። እንዲህ ያለውን መቃብር የሚጠብቀው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ሲመሠረት፣ በሹመት፣ በዘርና በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ ለሁሉም እኩል ድንጋይ ይቆማል የሚል ሕግ ነበረው። ሆኖም በ2021 (እ.ኤ.አ.) ራሱ ኮሚሽኑ ባወጣው መግለጫ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከወደቁት አፍሪካውያንና እስያውያን መካከል ቢያንስ 116,000 የሚሆኑት በስም ሳይታሰቡ፣ ወይም ከነጭራሹ ሳይታሰቡ እንደ ቀሩ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። አበባው በየዓመቱ እየተደረገ፣ ጸጥታው በየዓመቱ እየተጠበቀ፣ ያ ሁሉ ሰው ስም አልነበረውም ማለት ነው።

በእኛም አገር የመታሰቢያ ቀን አልጠፋም። የካቲት 12 የሰማዕታት ቀንና የካቲት 23 የዓድዋ ድል ቀን የሁላችን ናቸው። ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል፤ ትግራይ ሐውዜን በአውሮፕላን የተደበደበችበትን ሰኔ 15ን የሰማዕታት ቀን ብላ ታስባለች፤ ኤርትራ ሰኔ 13 ዋዜማ ሻማ ታበራለች፤ በአዲስ አበባም የትግራዩ ጦርነት በተነሣበት በጥቅምት 24 ቀን ስለ መከላከያው ሰሜን ዕዝ ወታደሮች ሻማ ተበርቷል። ከእነዚህ አንዱንም ሐሰት ነው አልልም፤ እያንዳንዱ ሻማ የአንድ እናት ልጅ ነው። ነገር ግን ሻማው ሁሉ የሚበራው ለወገን ብቻ ነውና፣ ከድንበሩ በላይና በታች ቆሞ የሚያይ ስደተኛ የሌላው ወገን ሻማ የእርሱን ልጅ የገደለው ሰው ሻማ ሆኖ ይታየዋል። ዳዊት ግን ሲያሳድደው ለኖረው ለሳኦል ልብሱን ቀድዶ አለቀሰ፤ ሙሾውንም ለይሁዳ ልጆች እንዲያስተምሩ አዘዘ።

የቤተ ክርስቲያናችን ጸሎተ ፍትሐት በዚህ ረገድ ለመንግሥታት ሁሉ አስተማሪ ሊሆን የሚችል ልማድ አለው። ካህኑ በሠልስት፣ በሰባት፣ በአርባና በሙት ዓመት ሲያስብ የሟቹን ማዕረግ፣ የጦር ክፍሉን፣ የተሰለፈበትን ወገን አይጠራም፤ የሚጠራው በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ የተሰጠውን ስም ነው። ሻምበሉም ተራ ወታደሩም፣ ከመከላከያ የወደቀውም ከትግራይ ተዋጊዎች የወደቀውም፣ በዚያ ስም ሲጠሩ ምናልባት ሁለቱም ወልደ ሚካኤል ሆነው ይገኛሉ። የእስላሙም ወታደር በሶላተል ጀናዛ ላይ ለነፍሱ ምሕረት ይለመንለታል።

ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ሞቱ ሲታወቅ ነው። በአገራችን ሞት ያለ መርዶ አይገባም። መርዶ ነጋሪዎች ሽማግሌ አስቀድመው፣ ጎረቤት አስከትለው፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛይቱ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ወድቃ እንዳትጎዳ የሚይዟት ሰዎች ቀድመው ከበዋት ይቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቃሉ የሚወጣው። ቀጥሎ ለቅሶው፣ ፍራሹ፣ ፍትሐቱ፣ ተዝካሩ እያንዳንዱ በተራው ይመጣል። መርዶ ክፉ ወሬ ማድረስ ብቻ አይደለም፤ ሐዘንን የማኅበር የሚያደርግ ሥርዓት ነው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ለተዋጊዎች ቤተሰቦች መርዶ በተነገረ ጊዜ፣ ዓመታት ያመቀው ልቅሶ ባንድ ሳምንት ፈነዳ። ያ መርዶ ግን የሄደው ወደ ቤት ነው፤ ቤቷን ጥላ የተሰደደችውን እናት የሚያንኳኳላት በር የለም። የሱዳን የራሷ ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ገዳሪፍ ከካርቱምና ከገዚራ በሸሹ ሱዳናውያን ተጨናንቃ፣ አስተናጋጁም እንግዳውም የልጁን ደብዛ ፈላጊ ሆኗል።

በዚያው አውራጃ በኡም ራኩባ፣ በ1976ና በ1977 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በረኀብና በበሽታ ያለቁ ቤተ እስራኤላውያን ተቀብረዋል። በጉዞው ሁሉ የሞቱት እስከ 4,000 ይደርሳሉ ይባላል። ወታደሮች አልነበሩም፤ ነገር ግን የተረፉት ወገኖቻቸው መቃብራቸውን ሊጐበኙ ስላልቻሉ፣ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ አቁመው በየዓመቱ ያስቧቸዋል። አጥንቱ በሱዳን አፈር ሆኖ ስሙ ወደ ቤት መግባት እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ ሐውልት ለማቆም፣ አበባ ለማድረግ፣ ቀን ለመሰየም የሚጣደፉ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ያሉ፣ አስቀድመው የሙታኑን መዝገብ ይክፈቱ። በመዝገቡም ላይ ከዓለም ስሙ አጠገብ፣ ክርስቲያን ለሆነው፣ የክርስትና ስሙ ይጻፍ፤ የወደቀበት ቦታና ቀን ይጻፍ። ዝርዝሩ ለባለሥልጣን ብቻ እንዳይቀር፣ ሽማግሌዎችና ካህናት፣ ለእስላሞቹም ሼሆች፣ ተሸክመውት ጠረፉን ተሻግረው በቱነይድባም በኡም ራኩባም የስደተኞች ሰፈሮች በማለዳ፣ ጎረቤት ቆሞ፣ እንደ አገሩ ወግ ለየቤተሰቡ ይንገሩ። የማይታወቀውንም አይታወቅም ብለው በግልጽ ይንገሩ፤ ያን ጊዜ ያች እናት ከካህኑ ፊት ስትቆም የልጅዋን ስም በየትኛው ወገን እንደምታስጽፍ በገዛ እጇ ትወስናለች።